የማይነቀል ዕቃ

ቤት የሚለቅ ሰው ንብረቱን ጭኖ ሲሄድ ጥሎት የሚሄደው ነገር አለ። አልጋው ይፈታል፤ ቁም ሳጥኑ በአራት ሰው ትከሻ ይወጣል፤ ሳጥኑ፣ ብፌው፣ ምጣዱ፣ ሌላው ቀርቶ የበሩ መጋረጃ ተጠቅልሎ ይጫናል። ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራው ግን ይቀራል። በግድ ይውጣ ቢባል የሚወጣው ፍራሽ ነው።

ይህን እንዳነሣ ያደረገኝ በቅርብ ዓመታት ከአዲስ አበባ አልፎ እስከ ምዕራብ ጎጃም ከተሞች፣ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የዘለቀ አንድ ዕቃ ነው፤ በኮምፒዩተር ተነድፎ ከግድግዳ ጋር የሚገጠም የጽሕፈትና የመኳኳያ ጠረጴዛ። እንጨት ሠሪዎቹ «ቢልት ኢን» ይሉታል። ብዙ ሰው ነገሩን ከቴሌቪዥን የተቀዳ የዘመን ፋሽን አድርጎ ነው የሚያየው። እኔ ግን ዕቃው ለጎጃም ቤት እንግዳ አይደለም፣ ሄዶ የተመለሰ ነው ባይ ነኝ። ለምን ሄደ? ለምንስ ተመለሰ?

የቆየ የጎጃም ገበሬ ቤት የገባ ሰው የሚነቀል ዕቃ ብዙ አላየም። አንድ ሁለት ዱካ፣ መሶብ፣ ቤቱ ደህና ከሆነ አንድ የጠፍር አልጋ። የቀረው ሁሉ የቤቱ አካል ነው። በግድግዳው ዙሪያ የተደለደለው መደብ ቀን ቁርበት ወይም ሰሌን ተነጥፎበት እንግዳ ይቀመጥበታል፤ ማታ ቤተሰቡ ይተኛበታል። ከመደቡ ወዲያ ጎታ አለ፤ ጭቃ፣ ጭድና እበት ተቦክቶ ደረጃ በደረጃ እየደረቀ የሚቆም የእህል ማኖሪያ። ጎታው እህል ከመያዙ ሌላ ጓዳውን ከዋናው ቤት ይለያል፤ ዛሬ አርክቴክቶች በስንት ገንዘብ የሚሠሩትን የክፍል ማካፈያ ያለ ወጪ ይሠራል ማለት ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ኩላብ አለ፤ ጠመንጃውም፣ ቅሉም፣ የመጽሐፍ ማኅደሩም ከዚያ ይሰቀላል።

ይህን ሁሉ የነደፈው ማነው? ቤቱን የሚያቆመው ወንድ ነው፤ ማገሩን አስሮ፣ ክዳኑን ከድኖ ይወጣል። ውስጡ የሴቲቱ ነው። መደቡ ምን ያህል ይስፋ፣ ጎታው የት ይቁም፣ ምድጃው ከበሩ ምን ያህል ይራቅ የምትለው እሷ ናት፤ አቡክታ የምትለጥፈውም እሷ ናት። መለኪያዋ ክንድ፣ ስንዝርና ጋት ነው። እሷ የምትቀመጥበት መደብ ለእሷ ጉልበት እንዲመች ሆኖ ይሠራል፤ ጎታው እጇ እስከሚደርስበት ድረስ ይቆማል። እነዚህን እናቶች የቤት ውስጥ ንድፍ ባለሙያ ብሎ የጠራቸው የለም።

(መደብ የሚለው ቃል መከራውን አይቷል። መደበ ከሚለው ግሥ ጋር ይዛመዳል፤ ከዚያው ግሥ ምደባ የሚለውም ይወጣል፤ የመንግሥት ሠራተኛውን ከአንዱ ወረዳ ነቅሎ ወደ ሌላው የሚልከው ምደባ። ከ1966 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመደብ ትግል መጣና ቃሉ ከቤት ወጥቶ አደባባይ ዋለ። ወደ ምደባው እመለስበታለሁ።)

ሰው ለሚለቀው ቤት እንዲህ አይደክምም። የጎጃም ገበሬ በርስቱ ላይ ነበር የተቀመጠው። ቤቱ ቢፈርስ እዚያው ቦታ ይሠራል፤ እሱ ቢሞት ልጁ መደቡን ይለቀልቃል። በርስቱ ላይ ያለው ጥንቃቄ ምን ያህል እንደነበረ ለማወቅ 1960 ዓ.ም.ን ማስታወስ ይበቃል። አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ፣ ከግብሩ ኋላ የመሬት መለካት አለ፣ ከመለካቱም ኋላ ርስት መንጠቅ አለ የሚል ሥጋት በሞጣና በሌሎችም ወረዳዎች ሕዝቡን አሸፍቷል። በዚያ አገር ሜትር ይዞ ወደ ሰው ግቢ መግባት ቀላል ነገር አልነበረም።

ርስት የሌለውስ? ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ በአመዛኙ ከርስት የተገለሉ ነበሩ። ዕቃ የሚሠራው ሰው ዕቃ የሚተክልበት መሬት አልነበረውም። በዚያ ላይ ስድቡ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል፤ አዋጅ ያስፈለገውም ነገሩ ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው። ዛሬ በየከተማው «የእንጨትና ብረታ ብረት ሥራ» የሚል ታፔላ በኩራት ተሰቅሎ ሲታይ ከዚያ ስድብ የተነሣ መንገድ መሆኑን መርሳት የለብንም።

ወደ ጠረጴዛው እንምጣ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ዋሸራንና ጎንጅን የማያውቅ የተማረ ሰው የለም። ያን ያህል ሲጻፍና ሲነበብ የኖረ አገር ግን የጽሕፈት ጠረጴዛ አልነበረውም። ጸሐፊው መሬት ወይም መደብ ላይ ተቀምጦ ብራናውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፋል፤ የቀለም ቀንዱ አጠገቡ መሬት ላይ ተተክሎ ይቆማል። ለንባብ አትሮኖስ አለ፤ እሱም ታጥፎ የሚነሣ ነው። መጽሐፉ ሲያበቃ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ በጠፍሩ ከኩላብ ይሰቀላል። ሮበርት ከርዘን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1837 በግብፅ በረሓ የሶርያውያንን ገዳም ሲጎበኝ፣ እዚያ ይኖሩ የነበሩ የሐበሻ መነኮሳት መጻሕፍታቸውን እንደዚሁ በግድግዳ ኩላብ ላይ ሰቅለው ማየቱን ጽፏል። የእኛ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ሳይሻ በግድግዳ ላይ ይኖር ነበር።

የመኳኳያ ጠረጴዛውም እንዲሁ ነው። ኩሉ በብልቃጥ፣ ቅቤው በቅል፣ እንሶስላው ተወቅጦ በቅጠል ይጠቀለላል። ሹሩባ የሚሠራው ደጅ፣ ፀሐይ ላይ ነው፤ አንዷ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ሌላዋ ከኋላዋ ሆና ትሠራታለች። መስታወቷ ሌላዋ ሴት ነበረች። ብቻዋን ከመስታወት ፊት የምትቀመጥ ሴት የከተማ ሴት ናት፤ ብቻውን ከጠረጴዛ ፊት የሚቀመጥ ወንድም የቢሮ ሰው ነው። ሁለቱም ዕቃዎች ወደ አገራችን የገቡት ከብቸኝነት ጋር ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

ጠረጴዛን ያስፋፋው ትምህርት ቤትና ቢሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ዴስክ የሚባለው ዕቃ በየአውራጃው እየተከተለ ሄደ፤ ወደ ገጠር ሲዘልቅ ግን መንገድ ላይ ቀረና ልጆቹ በዳስ ውስጥ በድንጋይና በጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ከያዛቸው የሙያ ዘርፎች አንዱ የእንጨት ቴክኖሎጂ ነበር። በጎጃም ምድር የእንጨት ሥራ በወረቀት ንድፍ፣ በሚሊ ሜትር ልክ እንደ ትምህርት መሰጠቱ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ቃላቱ ግን ከጣልያን ናቸው። የጣልያን ጦር በየካቲት 1933 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የቡሬን ምሽግ ለቆ ወደ ደምበጫ ሲሸሽ መድፉን ጎትቶ ሄደ፤ በወረራው ዘመንና ከዚያም በኋላ በቆዩት የጣልያን ጋራዦችና የእንጨት ሥራ ቤቶች በኩል የገባው ቃል ግን እዚሁ ቀረ። ዛሬም የቡሬ አናጢ ብሎኑን በካቻቢቴ ያጠብቃል፤ በኮላ ያጣብቃል፤ ሞራሌ ይገዛል፤ ኮምፔርሳቶ ይቆርጣል፤ ማታ ሰጋቱራውን ይጠርጋል። ከአልጋው ጎን የምትቀመጠዋ ትንሽ ሣጥን ኮሞዲኖ ናት። ይህ የቃላት ዝርዝር አንድ ነገር ይነግረናል፦ ዕቃው ሁሉ ተነቃይ ነው። ኮሞዲኖ፣ ብፌ፣ ቁም ሳጥን፣ በአራት እግሩ የሚቆም፣ ተጭኖ የሚሄድ።

ለምን ተነቃይ? እዚህ ላይ ነው ምደባ የሚመጣው። በጎጃም ከተሞች ወንበርና ጠረጴዛ ያስለመዱት መምህሩ፣ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ ፖሊሱና የጤና ረዳቱ ናቸው። ዛሬ ቡሬ፣ ከርሞ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያ ቻግኒ። ኪራይ ቤት ይገባሉ፣ በዝውውር ይወጣሉ። የተከራየ ሰው ግድግዳ ላይ ምስማር ለመምታት እንኳ ያከራየውን ያስፈቅዳል። ባላገሩ የመኪና ጭነት አይቶ «ይኼ ደህና ሹም ነው» ይል ነበር እንጂ ጭነቱ የቤት አልባነት ምልክት መሆኑን አላስተዋለውም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ ይህ ነገር ጸና። ወርሐዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። ኪራዩ ረከሰ፤ ለብዙ ድሃ እፎይታ ነበር፤ ይህን የሚክድ ሰው በዚያ ዘመን ቤት ያልተከራየ ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ የተከራዩም፣ የቀድሞው ባለቤትም አልሆነም። አርባ ዓመት በአንድ የቀበሌ ቤት የኖረ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ ኮሞዲኖው ሦስት ጊዜ ተለውጧል፣ ግድግዳው ላይ ግን አንድ መደርደሪያ አልተተከለም።

በጀርመን አገር ነገሩ በሌላ መንገድ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የተባለች ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት ከተማ የሠራተኛ መኖሪያ ቤቶች 1.9 በ3.4 ሜትር የሆነች ወጥ ቤት ነደፈች፤ መሳቢያው፣ ቁምሳጥኑ፣ መሥሪያ ጠረጴዛው ሁሉ ከግድግዳው ጋር የተገጠመ ነበር። 10,000 ያህል ተሠርተዋል። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ግን ዕቃውን የተከለው አከራዩ፣ ማለትም ከተማው ነው፤ ወጪውም በኪራዩ ላይ ታሰበ። እዚያ የተገጠመ ዕቃ ያገኘው ተከራይ ነው። እኛ ዘንድ ባለቤት እስኪሆን መጠበቅ ነበረበት።

ጠበቀም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ኮንዶሚኒየም መጣ፤ በክልል ከተሞችም መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ቦታ እየተመሩ መሥራት ጀመሩ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ቁም ሳጥንና ጠረጴዛ ለየብቻ ከቆሙ መተላለፊያ አይኖርም። ሰውየው ደግሞ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ግድግዳውን የመብሳት መብት አለው። እንጨቱም ተለውጧል። የጎጃም አናጢ የሚወደው ዋንዛ ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከከለከለ በኋላ የዋንዛ ጣውላ የባለጸጋ ዕቃ ሆነ። በቦታው ኤምዲኤፍ ገባ፤ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ዓይን የሌለው የተፈጨ እንጨት። ዋንዛ ቢሳሳቱበት ተልጎ ይስተካከላል፤ ኤምዲኤፍ ግን አንዴ በመጥፎ ከተቆረጠ አለቀለት። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ማሰብ ግድ ሆነ። ኮምፒዩተሩ የገባው በዚህ በር ነው።

የንድፍ ሶፍትዌሩ ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አይቫን ሰዘርላንድ በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ስኬችፓድ በተባለ ፕሮግራሙ በብርሃን ብዕር ስክሪን ላይ መስመር አሰመረ። እ.ኤ.አ. በ1982 አውቶካድ ወጣ፤ የመሐንዲስ መሣሪያ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ስኬችአፕ ግን አናጢውንም አስገባው፤ ሣጥን ስሎ በጣት እንደ መሳብ ያህል ቀላል ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2006 ገዛው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ትሪምብል ለተባለ ኩባንያ ሸጠው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው የመጨረሻው ነፃ እትም የ2017ቱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነፃው የሚሠራው በኢንተርኔት ላይ ሆነ። ይህ ለአውሮፓ አናጢ ትንሽ ነገር ነው። በአማራ ክልል ግን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ግጭት ጋር ኢንተርኔት ለረዥም ጊዜ ሲቋረጥ፣ ያ አሮጌ እትም በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ውድ ዕቃ ሆነ።

ቡሬ ከጥንትም የገበያ ከተማ ናት፤ ከጎጃም ወደ ዓባይ ማዶ፣ ወደ ወለጋ የሚሻገር ነጋዴ መውጫና መግቢያ። በ2013 ዓ.ም. የፊቤላ ዘይት ፋብሪካ ሥራ ሲጀምርና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ስም ሲነሣ ቤት ፈላጊውም ቤት ሠሪውም በዛ። እዚያ አንድ ወጣት እንጨት ሠሪ ሲነድፍ አብሬ ዋልሁ። ባለቤቶቹ መምህርና ነርስ ናቸው፤ አንድ መኝታ ቤት፣ አንድ ግድግዳ፤ ግማሹ ለእሱ የፈተና ማረሚያ ጠረጴዛ፣ ግማሹ ለእሷ መኳኳያ።

ልጁ ግድግዳውን ሦስት ቦታ ለካ። ከላይ 2.46፣ ከመሐል 2.44፣ ከታች 2.41 ሜትር። በባሕር ዛፍ ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ ከላይ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ቀጥ አይልም። ሶፍትዌሩ ግን ግድግዳ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘን ሁሉ እንደ ስኳድራ 90 ዲግሪ አድርጎ ነው የሚነሣው። ልጁ ከሦስቱ ትንሹን ወሰደ፤ ከዚያም ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ሳንቲ ቀንሶ በቀጭን እንጨት እንደሚሸፍነው ነገረኝ። በዚያ ሶፍትዌር ከሚሠራው ሥራ ዋናው ጥበብ ይህች አራት ሳንቲ ናት፤ ፕሮግራሙ አያውቃትም፤ የጭቃ ቤት ያደገ ሰው ያውቃታል።

የስኬችአፕ ባዶ ገጽ ሲከፈት አንድ ሰው ቆሞ ይታያል፤ ለቁመት ማነጻጸሪያ ነው። ልጁ ጠረጴዛውን 75 ሳንቲ አድርጎ ከሰውየው አጠገብ አቆመው።

«ሲስተር፣ እንዲህ ይበቃል?»

«ማን ነው ይኼ?» አለች።

«መለኪያ ነው።»

«የእኔ መለኪያ እሱ ነው እንዴ? ረዥም አይደል!»

ወንበር አስመጣና አስቀመጣት፤ ክንዷን አጠፈችለት፤ ከመሬት እስከ ክርኗ ለካ። የእሷን በኩል በስድስት ሳንቲ ዝቅ አደረገው። መስታወቱንም ተቀምጣ ዓይኗ በሚያርፍበት ልክ አወረደው። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ከፍታ፤ የቤት ዕቃ ነጋዴው ተሠርቶ የመጣ ዕቃ ሲሸጥ ይህን አይጠይቅም። ክንድ ወደ ልኬቱ ሲመለስ በዓይኔ አየሁ። ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያዩ የነበሩት እናቷ ደግሞ ቀና ብለው ስክሪኑን አዩና፣

«ምነው ልጄ፣ ይኼማ መደብ አይደል?» አሉ። ልጁ ሳቀ። ሴትዮዋ ግን አልሳቁም፤ ወርዱ እንደማይበቃ፣ ሕፃን ቢተኛበት እንደሚወድቅ አስረዱት።

ከዚያ ፕሮግራሙ የእንጨቶቹን ዝርዝር አወጣ፤ የመጋዙን 4 ሚሊ ሜትር መብሊያ ቀንሶ ሉሖቹ ላይ ደለደላቸው። ልጁ በወረቀት አስልቶ አራት ሉሕ ያለውን በሦስት ሉሕ ከተረፈ ቁራጭ ጋር ጨረሰ። በዛሬ ዋጋ አንድ ሉሕ ማትረፍ የመምህር ደመወዝ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ይህን የሚያደርገው እሱ ብቻ አይደለም፤ በፍኖተ ሰላምም እንዲህ የሚሠሩ አይቻለሁ። የቀድሞው አናጢ በጭንቅላቱ ይዞት የሚሞተው ስሌት አሁን ደንበኛው ፊት ተዘርግቶ ይታያል፤ ሚስት ሳትጠየቅ ባል ብቻ ተስማምቶ የሚሠራ ዕቃም እየቀነሰ ነው፤ ሥዕሉን ሁሉም ያየዋላ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ሲጀመር ስንት ሰው ቤቱ ፈርሶበት በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደወጣ ሁላችን እናውቃለን፤ ሥራው ከዚያ ወዲህ ወደ ክልል ከተሞችም ዘልቋል። አልጋና ሶፋ በመኪና ተጫኑ። በስንት ሺሕ ብር የተገጠመው ቁም ሳጥን ግን ከግድግዳው ሲላቀቅ ኤምዲኤፉ ብሎኑ ባለበት እየተፈረፈረ ቀረ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእኔ የምለው በላዩ የሠራሁትን ነው። ስለዚህ መደብ የሚለቀልቀው የጥንቱ ገበሬና የዛሬው የከተማ ባለቤት አንድ ዓይነት እርግጠኝነት የላቸውም።

ነርሷ ይህን ሳትሰማ አልቀረችም። ዋጋ ተስማምተው ቀብድ ሊከፈል ሲል፣

«መንገዱ ሊሰፋ ነው ይላሉ። ብንለቅስ?» አለች።

መምህሩ «እኛ ጋ አይደርስም» አለ።

ልጁ አልተከራከረም። ላፕቶፑን መልሶ ከፈተና አንዱን ረዥም ዕቃ ሦስት ሣጥን አድርጎ ቆራረጠው፤ ጎን ለጎን ሲገጠሙ መጋጠሚያቸው አይታይም። በኮላ ይጣበቅ የነበረውን በብሎን ለወጠው። ግድግዳውን የሚይዙት ስምንት ብሎኖች ከመስታወቱ ጀርባና ከመሳቢያዎቹ ኋላ እንዲደበቁ አደረገ፤ ቦታቸውን በቀይ ምልክት አድርጎ ለመምህሩ አሳየው። ከዚያ የሁለተኛውን ሣጥን ጀርባ አየት አደረገና፣ ካቻቢቴ የሚያስገባ እጅ አይበቃውም ብሎ ክፍተቱን በአራት ሳንቲ አሰፋው።